የአልማዝ ዱቄት፣ አረንጓዴ ሌዘርና የጎመን ቅጠል፦ የመጀመሪያውን የኳንተም ሴንሰር ጎንደር ላይ ለመሥራት

ጎንደር ውስጥ የፊዚክስ ላብራቶሪ አስተምራለሁ። ጊዜ ሲኖረኝ ደግሞ የጤና ጣቢያ ማይክሮስኮፖችን እጠግናለሁ። ታናሽ እህቴ ደንቢያ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። የወባ ወቅት ሲገባ ጊምሳ በሚባል ቀለም የተቀባ የደም ስላይድ ላይ አቀርቅራ ትውላለች። እኔን ወደ ኳንተም ሴንሰር፣ ማለትም የአቶምን ያህል ደቃቅ የሆነን ነገር ባሕርይ ለመለኪያ ወደሚጠቀመው መሣሪያ፣ የሳበኝ የእሷ ሥራ ነው።

የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢን ሲበላ፣ ብረት ያለበት ትርፍ ነገር ይቀረዋል። ያ ትርፍ ስለሚመርዘው ሄሞዞይን ወደሚባል ደቃቅ ክሪስታል ይቀይረዋል። ይህ ክሪስታል ማግኔት ሲቀርበው በትንሹ ምላሽ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካው ኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእነዚህን ክሪስታሎች የማግኔት ምልክት በአልማዝ አማካይነት አንድ በአንድ ማየታቸውን አሳተሙ። ያን ካነበብኩ በኋላ ነው «እኛ ጋስ ከምን መጀመር ይቻላል?» ማለት የጀመርኩት።

የእነሱን መሣሪያ በአንድ ጊዜ መሥራት አይታሰብም። መሠረቱን ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊሠራው ይችላል። መበየጃ መያዝ የሚችል፣ ትንሽ ኮድ የሚጽፍና ትዕግሥት ያለው ሰው ይበቃል። ከታች የምጽፈው እኔና ተማሪዎቼ የምንከተለውን መንገድ ነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ይህ መሣሪያ ወባ አይመረምርም። ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ።

አልማዙ ውስጥ ያለው ነገር

አልማዝ ካርቦን ነው። አንዱ የካርቦን አቶም ቦታውን ለናይትሮጅን ሲለቅ፣ ከናይትሮጅኑ አጠገብ ያለው ቦታ ደግሞ ባዶ ሲሆን፣ ያ ጥንድ ኤንቪ ማዕከል ይባላል። ፋብሪካ ውስጥ ናይትሮጅን ያለበትን አልማዝ በኤሌክትሮን ጨረር ይመቱታል። ከዚያ ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያሞቁታል። በጨረሩ የተፈጠሩት ባዶ ቦታዎች ይንቀሳቀሱና ናይትሮጅኑ ጎን ሲደርሱ እዚያው ይቀራሉ።

ኤንቪ ማዕከል አረንጓዴ ብርሃን ሲያርፍበት ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ስፒኑ (ኤሌክትሮኖቹ እንደ ደቃቅ ማግኔት የሚሆኑበት ባሕርይ) ሦስት ደረጃ አለው፦ ዜሮ፣ ፕላስ አንድና ማይነስ አንድ። አረንጓዴው ብርሃን ስፒኑን ወደ ዜሮ ይሰበስበዋል። ዜሮ ላይ ሲሆን ቀዩ ይደምቃል። 2.87 ጊጋኸርዝ ማይክሮዌቭ ሲደርሰው ስፒኑ ወደ ሌሎቹ ደረጃዎች ይሄዳል፤ ቀዩም ይደበዝዛል። የመደብዘዙ መጠን ትንሽ ነው፤ በዱቄት ላይ 1 ፐርሰንት አካባቢ ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ።

ማግኔት ሲቀርብ ይህ 2.87 ለሁለት ይከፈላል። በማዕከሉ አቅጣጫ ለእያንዳንዱ ሚሊቴስላ አንደኛው 28 ሜጋኸርዝ ወደ ላይ፣ ሌላኛው 28 ሜጋኸርዝ ወደ ታች ይሄዳል። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 74 ኪሎኸርዝ ገደማ። ስለዚህ አንዱ አልማዝ ቴርሞሜትርም የማግኔት መለኪያም ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ በክፍል ሙቀት ይሠራል። ስኩዊድ የሚባሉት ነባሮቹ የማግኔት መለኪያዎች በፈሳሽ ሂሊየም እስከ 269 ዲግሪ ከዜሮ በታች መቀዝቀዝ ነበረባቸው። ፈሳሽ ሂሊየም ጎንደር ድረስ ማስመጣት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ እተወዋለሁ።

ለሕይወት ላለው ነገር ለምን ተመረጠ?

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ለመለካት ያስቸግራል። እርጥብ ነው፣ ጨው አለበት፣ ይሞቃል። ከሁሉም በላይ ግን ራሱ ያበራል። አረንጓዴ ሌዘር ስታሳርፉበት ቅጠሉም፣ ወረቀቱም፣ ሙጫውም ቀይ ይሰጣል። ችግሩ የአልማዙ ብርሃን ደካማ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ዙሪያውን ያለው ሁሉ ማብራቱ ነው።

የከተራ ማታ ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የሚበራውን ጧፍ አስቡት። ከዚያ ሁሉ መሀል የአንድ ሰው ጧፍ የትኛው እንደሆነ በምን ትለያላችሁ? ያ ሰው ስልክ ስትደውሉለት ጧፉን በእጁ የሚጋርድ ከሆነ ግን ወዲያው ትለዩታላችሁ። ኤንቪ ማዕከል እንደዚያ ነው። ማይክሮዌቩን ስትከፍቱ ይደበዝዛል፣ ስትዘጉ ይደምቃል። ቅጠሉና ወረቀቱ ማይክሮዌቩን እንዲህ አይታዘዙም።

በዚህ መንገድ ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ናኖ አልማዝ (እጅግ ደቃቅ የአልማዝ ቅንጣት) የሰው ሴል ውስጥ አስገብተው ሙቀት ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2020 የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቡድን የፈጣን ምርመራ ወረቀት ላይ ከወርቅ ቅንጣት ይልቅ ናኖ አልማዝ ተጠቀመ፤ ማይክሮዌቩን እያበራ እያጠፋ የኤችአይቪን ዘረመል በጣም በትንሽ መጠን አገኘ። እኛ የምንሠራው የዚህኛውን ታናሽ ወንድም ነው።

ዕቃዎቹ

ሌዘሩ ላይ ቆጥባችሁ አትግዙ። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው አረንጓዴ ሌዘር ብዙውን ጊዜ 532 ናኖሜትር የሚሰጠው ከኢንፍራሬድ ተነስቶ ነው። 808 እና 1064 ናኖሜትር የሆነ የማይታይ ብርሃን አብሮ ሊያፈስ ይችላል። ቀይ ማጣሪያችሁ ያን አያስቆመውም፤ ሴንሰሩ ደግሞ በደንብ ያየዋል። ዓይን ግን ስለማያየው አይሸሸውም፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። በቀጥታ 520 ናኖሜትር የሚሰጥ የሌዘር ዳዮድ ፈልጉ። ከ10 እስከ 30 ሚሊዋት ይበቃል። ለዚያው የሞገድ ርዝመት የተሠራ መነጽር ካልመጣ ሌዘሩን አታብሩት። ተማሪ ሲቸኩል አይቻለሁና በዚህ አልደራደርም።

አልማዙ ከውጭ የሚመጣ ነው። ስታዙ «ኤንቪ ያለበት ፍሎረሰንት ማይክሮዳይመንድ» በሉ። ናኖውን ለኋላ አቆዩት። ትልልቁ ቅንጣት ብሩህ ነው፣ ምልክቱም ጠበብ ይላል፣ በዓይንም ይታያል። ጥቂት ሚሊግራም ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። በስላይድ መሸፈኛ መስታወት ላይ በትንሽ ሙጫ አጣብቁት። ግን መጀመሪያ ሙጫውን ብቻውን በሌዘር ፈትሹት። አንዳንዱ ሙጫ ከአልማዙ በላይ ያበራል።

ለማይክሮዌቩ ኤዲኤፍ4351 የሚባለውን ቺፕ የያዘ ትንሽ ቦርድ እንጠቀማለን። ከ35 ሜጋኸርዝ እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ይሰጣል። ለብቻው ደካማ ስለሆነ 1 ዋት አካባቢ የሚሰጥ ማጉያ ይከተለዋል። ልብ በሉ፦ ቺፑ የሚሠራው በ3.3 ቮልት ነው። የሚያዘው ኦርዱይኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ መቆጣጠሪያ ቦርድ) ደግሞ 5 ቮልት ይልካል። በመካከላቸው በሁለት ሬዚስተር ቮልቱን ካልቀነሳችሁ ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል። ማጉያውንም አንቴና ሳይኖረው አታብሩት።

አንቴናው ሽቦ ነው። ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ አጥፉትና የኬብሉን መሀልና ዙሪያ አገናኝታችሁ በይዱት። እንዲህ ያለው ክብ አብዛኛውን ኃይል ወደ ማጉያው ይመልሳል። ስለዚህ በመካከል 3 ዲሲቤል አቴንዌተር (የሚያልፍበትን ኃይል የሚቀንስ ቁራጭ) ብታስገቡ ማጉያችሁን ታድኑታላችሁ። አልማዙን ሽቦውን እስኪነካ አስጠጉት። ከሽቦው በራቀ ቁጥር ምልክቱ ይሞታል።

ብርሃን ለመቀበል ሰፋ ያለ የሲሊከን ፎቶዳዮድ፣ ከፊቱ ከ650 ናኖሜትር በላይ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ፣ ከኋላው ደግሞ ኦፕ አምፕ (የፎቶዳዮዱን ደካማ ጅረት ወደሚነበብ ቮልት የሚያጎላ ቺፕ)። የግብረ መልስ ሬዚስተሩን 1 ሜጋኦም ላይ ጀምሩና ብርሃኑን እያያችሁ ቀይሩት።

ማግኔቱን አራዳ አካባቢ ኮምፒውተርና ስልክ ከሚጠግኑት ልጆች ጋ አገኘሁት። ከተበላሸ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ይወጣል። «እህቴ፣ ይቺን ለምን ፈለግሻት?» ብሎ አንዱ ጠየቀኝ። አስረዳሁት። በሚቀጥለው ስሄድ ሦስት ሰብስቦ አስቀምጦልኝ ነበር።

ሁሉንም የሚይዘው ቤት የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ትልቁን ምረጡ፣ ውስጡን በጥቁር ወረቀት ሸፍኑት። ጣሳው ሁለት ሥራ ይሠራል። የሌዘሩን ብርሃን ከዓይናችሁ ይከለክላል፤ ማይክሮዌቩንም ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ ይይዛል። 2.87 ጊጋኸርዝ ከዋይፋይ ብዙም አይርቅም፣ ራዳሮችም የሚሠሩበት ሰፈር ነው። ሳይከደን አይበራም።

ምልክቱን መፈለግ

ፍሪኩዌንሲውን ከ2.80 እስከ 2.94 ጊጋኸርዝ በ1 ሜጋኸርዝ እርምጃ አስኬዱ። በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ማይክሮዌቩን ቶሎ ቶሎ አብሩና አጥፉ፤ እኛ በሰከንድ 230 ጊዜ እናደርገዋለን። ለምን 230? የመብራት ኃይል 50 ኸርዝ ነው። ከ50 ብዜት ከራቃችሁ የአምፖሉና የቻርጀሩ ጫጫታ አይገባባችሁም። ሲጠፋ ያነበባችሁትን ሲበራ ካነበባችሁት ቀንሱ። የምትስሉት ልዩነቱን ነው።

የኦርዱይኖ ንባብ ከ0 እስከ 1023 ነው። ሙሉው ብርሃን 800 ላይ ቢቆም 1 ፐርሰንት ማለት 8 ነው። ይህ በአንድ ንባብ ከጫጫታ አይለይም። ብዙ ሺህ ንባብ ወስዳችሁ አማካዩን ስትይዙ ግን ይወጣል።

መብራት ሲጠፋ ሥራ አታቁሙ። እኛ አሁን ሆን ብለን በ12 ቮልት ባትሪ ነው የምንለካው። መስመሩ ላይ ከመለካት ይልቅ ባትሪ ላይ ኩርባው ንጹሕ ነው። ከተማው ጨለማ ሲሆንማ የባሰ ያምራል።

ሁሉ ከተሳካ 2.87 ላይ ጉድጓድ ታያላችሁ። ሁለት ተጠጋግተው የቆሙ ጉድጓዶች ቢመስሉም አትደንግጡ፤ አልማዙ ውስጥ ያለው ውጥረት ነው የሚከፍላቸው። የመሬት ማግኔት እኛ ጋ ከ30 እስከ 40 ማይክሮቴስላ መካከል ነው። እያንዳንዱን መስመር ወደ 1 ሜጋኸርዝ ብቻ ይገፋል። የዱቄታችሁ ጉድጓድ ከዚያ በጣም ስለሚሰፋ አታዩትም።

ያያችሁት እውነት መሆኑን አረጋግጡ

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነብ ሰው ካለ ይህን ያንብብ።

አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ወጣ! ወጣ!» ብሎ ጠራኝ። እውነትም ስክሪኑ ላይ ያማረ ልዩነት አለ። «እስቲ ሌዘሩን ጋርደው» አልኩት። ጋረደው። ልዩነቱ አልጠፋም። ብርሃን በሌለበት የመጣ ምልክት የአልማዝ ሊሆን አይችልም። ማይክሮዌቩ በቀጥታ የኦፕ አምፑ ሽቦ ውስጥ እየገባ ነበር። የፎቶዳዮዱን ወረዳ ለብቻው በአልሙኒየም ፎይል ሸፍነን ፎይሉን ከግራውንድ ጋር ስናገናኘው ጠፋ። ከዚያ በኋላ እውነተኛው ጉድጓድ ታየ፤ ከፊተኛው በጣም ያንሳል።

ስለዚህ ሌዘሩን መጋረድ የመጀመሪያው ፈተና ነው። ሁለተኛው አልማዙን አውጥቶ ሌላ ቀይ የሚያበራ ነገር ማስገባት ነው። የማድመቂያ ማርከር የተቀባ ወረቀት ይሆናል። ብርሃኑ አለ፣ ጉድጓዱ ግን መኖር የለበትም። ሦስተኛው ማግኔት ነው። ከሃርድ ዲስክ የወጣውን ማግኔት ከጣሳው ውጭ ቀስ ብላችሁ አስጠጉ። ጣሳው ብረት ከሆነ ማግኔቱን ይስበዋል፣ ውስጥ የሚደርሰውንም ያዛባዋል፤ እንዲያ ከሆነ ማግኔቱን ውስጥ አስገብታችሁ ክደኑ። የዱቄት ቅንጣቶች በየአቅጣጫው ስለተኙ እያንዳንዱ ማግኔቱን በተለያየ ማዕዘን ያየዋል። ስለዚህ ሥዕሎች ላይ የምታዩትን ንጹሕ ክፍፍል አትጠብቁ። ጉድጓዱ ይሰፋል፣ ይጎድላል፣ በመጨረሻም ይበታተናል። ማግኔቱን ስታርቁት ካልተመለሰ ግን ያያችሁት ሌላ ነገር ነው።

ሦስቱንም ያላለፈ ኩርባ ደብተር ላይ «ውጤት» ተብሎ አይጻፍም። የኔ ላብራቶሪ ሕግ ይህ ነው።

ጎመኑ

አሁን ሕይወት ወዳለው ነገር እንሂድ። ደም አይደለም። የሰው ደም ፈቃድ፣ ጓንትና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ጎመን ቅዳሜ ገበያ ሞልቷል፤ ለእኛ ሥራ ደግሞ ከደም የበለጠ ይፈትናል።

ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ብርሃን ሲያገኝ ራሱ ቀይ ያበራል፤ 685 ናኖሜትር አካባቢ ላይ በጣም ይደምቃል። የኤንቪ ብርሃን ደግሞ ከ600 እስከ 800 ድረስ ይዘረጋል። ተደራርበዋል። የትኛውም ማጣሪያ በደንብ አይለያቸውም። ይባስ ብሎ የክሎሮፊሉ ብርሃን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጨለማ ውስጥ የቆየ ቅጠል ድንገት ብርሃን ሲያገኝ ቀዩ በአንድ አፍታ ይጨምርና በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሃንስ ካውትስኪ እ.ኤ.አ. በ1931 የዘገበው ነው። ዛሬም የእፅዋት ተመራማሪዎች ፎቶሲንተሲስ እንዴት እንደሚሠራ በዚሁ ይለካሉ።

ከቅጠሉ ትንሽ ካሬ ቁረጡ። የአልማዝ ዱቄት በንጹሕ ውኃ በጥብጡና አንድ ጠብታ አሳርፉበት። ላዩ ሲደርቅ ሽቦው ሥር አድርጉት። መጀመሪያ ማይክሮዌቩን ሳትነኩ የቀዩን ብርሃን ብቻ ለጥቂት ደቂቃ መዝግቡ። ሲወጣና ሲወርድ ታዩታላችሁ። ያ እየዋለለ ያለው ብርሃን ከአልማዙ ብርሃን ይበልጥ ይሆናል፤ «በዚህ ውስጥ አልማዙን አገኛለሁ» ማለት ድፍረት ይመስላል።

አሁን 230 ኸርዙን አስጀምሩ። የቅጠሉ ለውጥ በሰከንዶችና በደቂቃዎች ነው፤ የእናንተ ማብራትና ማጥፋት በሺኛ ሰከንዶች። በሁለት ተከታታይ ንባብ መካከል ቅጠሉ ለመለወጥ ጊዜ የለውም። ስትቀንሱት ይጠፋል። 2.87 ላይ ያለው ጉድጓድ ይቀራል። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር ደስታዬ አዲስ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በመስታወት ላይ 1 ፐርሰንት የነበረው ጉድጓድ ቅጠል ላይ 0.1 ፐርሰንት ሊሆን ይችላል። «አልማዙ ደከመ» ይላሉ። አልደከመም። ሲካፈልበት የነበረው ጠቅላላ ብርሃን ነው የጨመረው። ፐርሰንቱን ትታችሁ የልዩነቱን ቮልት ተመልከቱ፤ እሱ ብዙም አልተለወጠም። የጨመረው ጫጫታው ነው፤ ረዘም ላለ ጊዜ መለካት ይኖርባችኋል።

ሌላው ጣጣ ሙቀት ነው። የቤት ማይክሮዌቭ ምድጃ በ2.45 ጊጋኸርዝ ነው የሚሠራው፤ እኛ ከዚያ ብዙም አልራቅንም። እርጥብ ቅጠል ይሞቃል። በ10 ዲግሪ ከሞቀ ጉድጓዱ 0.74 ሜጋኸርዝ ይወርዳል። ጉድጓዱ ራሱ ወደ 10 ሜጋኸርዝ ስለሚሰፋ በዓይን አይለይም፤ ኩርባ ገጥማችሁ መሀሉን ስትፈልጉ ግን ይታያል። ከደረቀ ወረቀት ጋር አወዳድሩት። ኃይሉን በግማሽ ቀንሳችሁ ድገሙት፤ መሀሉ ወደ ላይ ከተመለሰ ቅጠሉን እየቀቀላችሁት ነበር ማለት ነው። ሴል ውስጥ ሙቀት የሚለኩ ሰዎችም በዚሁ ጥያቄ ይፈተናሉ፦ ያየሁት የሴሉ ሙቀት ነው ወይስ የእኔ መሣሪያ?

ከዚያስ

ሄሞዞይን ጋ ለመድረስ ዱቄት አይበቃም። የትንሽ ማግኔት መስክ በርቀቱ ኩብ ይቀንሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መስኩ ስምንት ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ ክሪስታሉ ከኤንቪ ማዕከሎቹ ጋር መነካካት አለበት። ለዚህ ከገጹ አጠገብ ቀጭን የኤንቪ ሽፋን ያለው ጠፍጣፋ ነጠላ አልማዝ፣ ጥሩ ማይክሮስኮፕና ካሜራ ያስፈልጋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት የደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ገና ትኩስ ነበር። ይህ ሥራ አንድ ቀን እዚህ ከተማ ውስጥ ቢሠራ ቦታውን አይስትም፤ የፊዚክስ ተማሪዎች የሕክምና ላብራቶሪ ተማሪዎችን ከአሁኑ ተዋወቁ።

እስከዚያ ግን በእጃችሁ ባለው ጣሳ የሚሠራ አንድ ጠቃሚ ሥራ አለ። የፈጣን ምርመራ ወረቀት የሚሠራበትን የናይትሮሴሉሎስ ወረቀት ፈልጉ፤ ጊዜው ያለፈበትና ያልተነካ መመርመሪያ ውስጥ ታገኙታላችሁ። በውኃ የተበጠበጠውን አልማዝ ውኃ እየጨመራችሁ በየጊዜው በግማሽ አቅጥኑት። ከእያንዳንዱ አንድ ጠብታ በተለየ ወረቀት ላይ አድርጉና ለኩ። ምንም አልማዝ የሌለውን ወረቀት ግን ከሁሉ አብልጣችሁ ደጋግማችሁ ለኩ። የባዶው ወረቀት አማካይ ላይ የመዋዠቁን መጠን ሦስት እጥፍ ደምሩ። ከዚያ ቁጥር በላይ የወጣው የመጨረሻው ቀጭን ጠብታ የመሣሪያችሁ ወሰን ነው። ማጣሪያ፣ ሙጫ ወይም አንቴና በቀየራችሁ ቁጥር ይህንኑ ድገሙ፤ መሻሻላችሁን የምታውቁት ያ ወሰን ሲወርድ ብቻ ነው።